ኮሞዶር 64ን ከጋራዥ ሽያጭ ገዝቶ ማደስ፦ ከፍለጋ እስከ ጥገና

የቆየ ኮምፒውተር ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ሶኬት ላይ ሰክቶ ማየት ነው። እባክዎ አይሰኩት። አርባ ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ፣ ብርድና ሙቀት ተፈራርቆበት ሳይሞት የቆየ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚሞተው አዲሱ ባለቤት ቸኩሎ በሰካበት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በሙሉ አንድ ሥርዓት ይከተላል፦ ከመሰካት በፊት መለካት፣ ከመፍታት በፊት ማየት፣ ዕቃ ከመቀየር በፊት ማጽዳት።

ለምሳሌ የመረጥኩት ኮሞዶር 64ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መጀመሪያ ላስ ቬጋስ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ታየ፤ በዚያው ዓመት በ595 ዶላር ለገበያ ቀረበ፤ ኩባንያው እስከከሰረበት እስከ 1994 ድረስም ሲሸጥ ቆየ። በኮምፒውተር መደብር ብቻ ሳይሆን በአሻንጉሊትና በሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ጭምር ይሸጥ ስለነበር፣ ዋጋውም በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ ስለቀነሰ፣ የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ሁሉ ለልጁ ገዝቶታል። ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ልጁ አድጎ ከቤት ሲወጣ ማሽኑ በካርቶን ታሽጎ ምድር ቤት ወይም ጣሪያ ሥር ቀረ። ዛሬ እየወጣ ያለው ያ ካርቶን ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፦ በውስጡ ያሉት ቺፖች ጥቂትና በዓይን የሚለዩ ናቸው፤ ጥገና ለመማር ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም።

ደረጃ 1፦ የት እና መቼ እንደሚፈለግ

በአሜሪካ ጋራዥ ሴል የሚባለው ቤተሰብ የማይፈልገውን ዕቃ ጋራዡ በር ላይ ወይም ግቢው ውስጥ ዘርግቶ የሚሸጥበት ነው። ወቅቱ ከጸደይ እስከ መኸር፣ ቀኑ በአብዛኛው ዓርብና ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ማለዳ ነው። ማስታወቂያው መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ በካርቶን ተጽፎ ይለጠፋል፤ በኢንተርኔትም ይወጣል። ከዚህ ይልቅ እኔ የማምንበት እስቴት ሴል የሚባለውን ነው። የቤቱ ባለቤት ሲሞት ወይም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገባ የቤቱ ዕቃ በሙሉ የሚሸጥበት ስለሆነ ምድር ቤቱም፣ ቁም ሣጥኑም፣ ጣሪያ ሥሩም ይከፈታል።

ሰፈር መምረጥ ከዕድል ይበልጣል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ተሠርተው የመጀመሪያ ባለቤቶቻቸው ገና ያሉባቸው ቤቶች የሚበዙበትን ሰፈር ይፈልጉ። አሜሪካ ያለን ብዙ ኢትዮጵያውያን በምንኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ በኩል፣ የመንግሥት ሠራተኞችና መሐንዲሶች የኖሩባቸው እንዲህ ያሉ ሰፈሮች ሞልተዋል። የቤተ ክርስቲያን የቅናሽ ሽያጭም አይናቅ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ታድላችኋል፦ ኮሞዶር 64 እዚያ እጅግ ተወዳጅ ስለነበር የቅዳሜና የእሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎችን ሳትሰለቹ ዙሩ።

ሻጩ ማሽኑን ኮምፒውተር ብሎ ላይጠራው እንደሚችል ይወቁ። ኮሞዶር 64 ከላይ ሲያዩት ወፍራም የጽሕፈት ሰሌዳ ነው፤ ኮምፒውተሩ በሙሉ እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ «ያረጀ ኪቦርድ»፣ «የልጆች ጌም»፣ «የማይሠራ ዕቃ» ተብሎ ከጠረጴዛ ሥር ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ባያዩት እንኳ «የድሮ ኮምፒውተር ወይም ጌም ምድር ቤት ቀርቶ ይሆን?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ሰዎች ማውጣት የታከታቸው ዕቃ ሁልጊዜ አለ። አንድ ዕቃ ካገኙ ደግሞ አብሮ የነበረውን ሁሉ ይጠይቁ፦ ገመዶች፣ ጆይስቲክ፣ ዲስኮች፣ ካሴቶች፣ መመሪያ መጽሐፍ። ተለያይተው ከወጡ በኋላ መልሶ ማሟላት ከማሽኑ በላይ ያስወጣል።

ዋጋ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሻጩ የሚሸጠውን የማያውቅ አዛውንት ከሆነ እውነቱን ይንገሩት። ያልተፈተነ ማሽን እንደሆነ፣ ሊሠራም ላይሠራም እንደሚችል፣ ቢሠራ ግን ፈላጊ እንዳለው ነግሮ መግዛት ይቻላል። እንዲያ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ዋጋው አይወደድም፤ ይልቁንም ጎረቤቱ ዘንድ ያለውንም ይጠቁማሉ።

ደረጃ 2፦ ከመክፈል በፊት የሚታይ ነገር

ሻጩ ደግነት አስቦ «ሰክተን እንየው» ሊልዎ ይችላል። አመስግነው እምቢ ይበሉ። ሳይሰካም ብዙ ነገር ይናገራል።

ማሽኑን አንስተው ቀስ ብለው ያዘንብሉት። ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ የወለቀ ብሎን ወይም የተሰበረ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። አፍንጫዎን ወደ አየር ማስገቢያው ቀዳዳ ያስጠጉ፦ የምድር ቤት ሽታ ችግር አይደለም፤ የአይጥ ሽንት ሽታ ግን ቦርዱ (ቺፖቹ የተደረደሩበት ሰሌዳ) ላይ ዝገት እንዳለ አመላካች ነው። በስልክዎ መብራት ቀዳዳውን አብርተው ይመልከቱ። ከኋላና ከጎን ያሉት መሰኪያዎች ላይ አረንጓዴ ዝገት አለ? ቁልፎቹ 66ቱም አሉ? የዋስትና ማሸጊያው ሳይቀደድ ካለ በጣም ጥሩ ምልክት ነው፤ ማንም ገብቶ አላበላሸውም ማለት ነው። የቀለም መወየብ፣ የልጅ ስቲከር፣ የአቧራ ብዛት ግን ከመግዛት አያግድዎ፤ ይህ ሁሉ ይጸዳል።

ደረጃ 3፦ ፓወር ሰፕላዩ

የዚህ መመሪያ ዋናው ክፍል ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ዘለው ይህን ቢያነቡ ይሻላል።

ኮሞዶር 64ን የሚገድለው በአብዛኛው ከውጭ ያለው ከባዱ ጥቁር ሣጥን ነው። ሁለት ዓይነት ኃይል ይሰጣል፦ ለቺፖቹ 5 ቮልት ዲሲ፣ ለቀሪው ሥራ ደግሞ 9 ቮልት ኤሲ። ውስጡ በደረቀ ሙጫ ስለተሞላ ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም፤ ከፍቶ መጠገንም የማይታሰብ ነው። ክፉነቱ ሲያረጅ የሚበላሽበት መንገድ ነው። 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል ሲደክም ኃይሉን በማቋረጥ ፈንታ ይለቀዋል። ቮልቴጁ ወደ 6፣ ወደ 7፣ ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ለ5 ቮልት የተሠሩት የሜሞሪ ቺፖች አንድ በአንድ ይቃጠላሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ግን እንደበራች ናት።

አሮጌውን ለመለካት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያስፈልግዎታል። ሣጥኑን ከኮምፒውተሩ ነጥለው ብቻውን ግድግዳው ላይ ይሰኩት። የገመዱን ጫፍ ፊት ለፊት ሲያዩት ፒኖቹ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ተደርድረዋል። ቴስተሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርገው ጥቁሩን ጫፍ የቅስቱ መካከል ላይ ባለችው ፒን ላይ ያሳርፉ፤ እሷ ግራውንድ ናት። ቀዩን ጫፍ ከእሷ ግራና ቀኝ ባሉት ቅርብ ፒኖች ላይ ተራ በተራ ይሞክሩ፤ በአንደኛዋ በኩል 5 ቮልት ያገኛሉ። ከ4.75 እስከ 5.25 ያለው ንባብ ተቀባይነት አለው። ከ5.25 ካለፈ ሣጥኑ ወደ ቆሻሻ ይሂድ፤ ለማንም አይስጡት። ቀጥለው ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቀይረው የቅስቱ አፍ ላይ ያሉትን ሁለቱን የዳር ፒኖች ይለኩ፤ ምንም ስላልተጫነበት ከ9 እስከ 11 ቮልት አካባቢ ቢያሳይ ደህና ነው። ፒኖቹ የተቀራረቡ ስለሆኑ የቴስተሩ ጫፍ ሁለቱን በአንዴ እንዳይነካ እጅዎን ያረጋጉ።

ንባቡ 5.0 ሆኖ ቢያዩት እንኳ አይመኑት። ቀዝቃዛ እያለ ትክክል የሚያሳይ ሣጥን ለአንድ ሰዓት ከሠራና ከሞቀ በኋላ ሊለቅ ይችላል፤ ጭነት ሳይኖርበት የተለካ ቮልቴጅም ሙሉ ማስረጃ አይደለም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የፋብሪካውን አሮጌ ፓወር ሰፕላይ በፍጹም አይጠቀሙ። ለዚህ ማሽን ተብለው ዛሬ የሚሠሩ አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮች አሉ። ዋጋቸው ከኮምፒውተሩ ሊበልጥ ይችላል፤ ቢሆንም ይግዙ። በአሮጌው መቀጠል የግድ ከሆነብዎ፣ ቮልቴጁ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ ትንሽ መከላከያ በመካከል የሚገባ አለ፤ ቢያንስ እሱን ያስገቡ።

ደረጃ 4፦ መክፈት

ማሽኑን ገልብጠው ከፊት ጠርዝ በኩል ያሉትን ሦስት ብሎኖች በመስቀል ካቻቪቴ ይፍቱ። መልሰው አቅንተው የላይኛውን ክዳን ከፊት በኩል ቀስ ብለው ያንሱ፤ ከኋላ በፕላስቲክ ጥርሶች ተይዟል። በኃይል አይሳቡት፤ ኪቦርዱንና መብራቷን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኙ ሽቦዎች አሉ። መሰኪያዎቹን ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከዚህ በኋላ በሚያደርጉት እያንዳንዱ እርምጃ ፎቶ ማንሳት ልማድ ይሁንዎ።

ቺፕ ከመንካትዎ በፊት ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት ይንኩ። በተለይ በክረምት፣ የቤት ማሞቂያ አየሩን በሚያደርቅበት ወቅት፣ ምንጣፍ ላይ ተራምደው መጥተው ቦርድ መንካት አደገኛ ነው።

በብዙዎቹ ላይ ቦርዱ በብር ወረቀት በተለበጠ ካርቶን ተሸፍኖ ያገኙታል። ይህ የሬዲዮ ሞገድን ለመከላከል የተደረገ ነው፤ አየር ግን አያሳልፍም፤ ቺፖቹን ያሞቃል። እኔ አውጥቼ በጥንቃቄ አስቀምጠዋለሁ። ሽፋኑ ብረት ሆኖ ምላሶቹ ቺፖቹን የሚነኩ ከሆነ ግን ሙቀት የሚያስወጣው እሱ ስለሆነ መልሰው ይግጠሙት።

አሁን ቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የመስታወት ፊውዝ ይፈልጉ። 1.5 አምፔር ናት፤ የ9 ቮልቱን መስመር ትጠብቃለች። ቴስተርዎን ድምፅ በሚያሰማው ቦታ አድርገው ሁለቱን ጫፎቿን ይንኩ። ካልጮኸች ተቃጥላለች። ይህን ሳያዩ የቀሩ ሰዎች ስንት ጤነኛ ቺፕ ነቅለዋል! በቀደሙት ቦርዶች ፊውዟ ከተቃጠለች ቀይዋ መብራት ትበራለች፤ የምስሉ ቺፕ ግን የሚፈልገውን 12 ቮልት ስለማያገኝ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ማሽኑ ሞቷል ተብሎ የተሸጠልዎ በአንዲት ፊውዝ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በመበየድ ፈንታ ሶኬት (ቺፕ የሚሰካበት መቀመጫ) ላይ የተቀመጡ ቺፖች ካሉ ቀስ ብለው በአውራ ጣት ጫን ያድርጓቸው፤ ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከመቀመጫቸው ከፍ ይላሉ። አውጥቶ መመለስ ካስፈለገ በሁለቱም ጫፍ ተራ በተራ በጥቂት በጥቂቱ ያንሱ፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተነሳ እግሮቹ ይታጠፋሉ። ቺፑ ጫፍ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ምልክት ወዴት እንደምትመለከት ፎቶው ይነግርዎታል። ተገልብጦ የተሰካ ቺፕ ሲበራ ይቃጠላል።

ደረጃ 5፦ ማጽዳት፣ በተለይም ኪቦርዱን

ቦርዱን በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉ፤ የቆሸሸውን ክፍል 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። የካርትሪጅ (ፕሮግራም የያዘ ተሰኪ ሣጥን) መግቢያውንና ሌሎች የመዳብ ጠርዞችን በአልኮል በራሰ ጥጥ ያጽዱ። የላይኛውንና የታችኛውን የፕላስቲክ ክዳን ሁሉንም ነገር አውጥተው ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጠቡ። ትኩስ ውሃ ያጣምመዋል። ሻካራ ስፖንጅ የፕላስቲኩን ገጽ ስለሚፍቅ አይሞክሩት፤ የስም ምልክቱ ላይም አልኮል አይፍሰስ።

ኪቦርዱ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ማሽኑን እንደ አዲስ የሚያደርገው እሱ ነው። አስቀድመው ጥርት ያለ ፎቶ ያንሱ፤ በእነዚህ ቁልፎች ፊት ለፊት የተጻፉት ጥቃቅን ሥዕሎች ብዙ ስለሆኑ በትውስታ አይመለሱም። ቁልፎቹን በቁልፍ መንቀያ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። ከእያንዳንዱ ሥር ትንሽ ሞላ ትወጣለች፤ ሞላዎቹን በአንድ ሰሃን ያከማቹ፤ ከጠረጴዛ ከወደቀች አትገኝም። ረጅሙ የቦታ ቁልፍ ከሥሩ የብረት ዘንግ ስላለው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይነሳል። ቁልፎቹን በሳሙና ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፤ ጠዋት በጥርስ ብሩሽ አሽተው በፎጣ ላይ ዘርግተው ያድርቁ።

አንዳንድ ቁልፍ ሲጫን የማይጽፍ ከሆነ የኪቦርዱን ጀርባ መክፈት ያስፈልጋል። በርካታ ጥቃቅን ብሎኖች አሉት። ከመነሳቱ በፊት ወደ መቆለፊያ ቁልፉ፣ ማለትም ተጭኖ ወደሚቀረው፣ የሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች በስታኞ ተይዘዋል፤ እነሱን በመበየጃ ማላቀቅ ግድ ነው። ሰሌዳው ሲነሳ በአንድ በኩል የወርቅማ መዳብ ነጥቦች፣ በሌላ በኩል በእያንዳንዱ ቁልፍ ጫፍ ጥቁር ካርቦን ያለው ለስላሳ ጎማ ያያሉ። መዳቡን በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጥረጉ፤ ጥጡ ጥቁር እስከማይል ድረስ ይድገሙ። ካርቦኑን ግን በደረቅ ወረቀት ላይ በቀስታ አስነክተው ይተዉት፤ ካሹት ተፍቆ ይጠፋል፤ ያ ቁልፍ ከዚያ ወዲያ አይሠራም።

ፕላስቲኩን ከመወየብ ስለማንጻት ብዙ ይወራል። የሚወይበው በፕላስቲኩ ውስጥ እሳት ለመከላከል የተጨመረው ብሮሚን ያለበት ንጥረ ነገር በፀሐይና በሙቀት ሲለወጥ ነው። ፀጉር ቤቶች የሚጠቀሙበትን 12 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ክሬም ቀብቶ፣ በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያነጻዋል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል፤ ክሬሙ ቦታ ቦታ ላይ ከደረቀ መስመር መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ በየሰዓቱ እየከፈቱ ማዳረስ ያሻል። ነገር ግን ውጤቱ ዘላቂ አይደለም፤ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ይወይባል፤ ፕላስቲኩንም ሊያደርቀው ይችላል። የመጀመሪያው ሞዴል ኮሞዶር 64 ቀለሙ ከጅምሩ ወደ ቡናማ የሚያደላ ስለሆነ ታጥቦ ብቻ ያምራል። እኔ ሳልነካው እንዲቀር እመርጣለሁ።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ማብራት

ከኋላ ያለው ክብ የምስልና የድምፅ መሰኪያ በአብዛኛው 8 ፒን ነው፤ በጣም ቀደም ባሉት ላይ 5 ነው። ገመድ ከመግዛትዎ በፊት ይቁጠሩ። ገመድ እስኪገኝ በአንቴና መስመር በቻናል 3 ወይም 4 ማየት ይቻላል፤ ምስሉ ግን ደብዛዛ ነው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች የዚህን ማሽን ምስል አንዳንዴ አይቀበሉትም፤ ስለዚህ «ምልክት የለም» ሲል ማሽኑን ከመኮነንዎ በፊት በሌላ ቴሌቪዥን ይሞክሩ።

ክዳኑን ሳይገጥሙ፣ አንድ እጅዎን ማጥፊያው ላይ አድርገው ያብሩ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ባዶ ይሆናል፤ ከዚያ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ፈካ ባለ ሰማያዊ ጽሑፍ ይወጣል፤ የቀረው የሜሞሪ መጠን 38911 ባይት መሆኑን ይነግርዎታል። ቁጥሩን ያንብቡ። ከዚህ ካነሰ የሜሞሪ ችግር አለ ማለት ነው። ጭስ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ ወዲያውኑ ያጥፉ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቺፖቹን በጣት ይንኩ፦ የምስሉ፣ የድምፁና ፒኤልኤ የሚባለው (የትኛው ቺፕ መቼ እንደሚሠራ የሚመራው) ቺፕ መሞቃቸው የተለመደ ነው፤ የሜሞሪ ቺፖቹ ግን ለብ ከማለት አያልፉም። ከመካከላቸው አንዱ ጣት ካቃጠለ የተበላሸው እሱ ነው።

ቁልፎቹን በሙሉ ይጻፉ። ከዚያ ፖክ (POKE) በሚለው ትእዛዝ 53280,0 ቢጽፉ የስክሪኑ ዳር ጥቁር ይሆናል። በዚሁ ትእዛዝ 54296,15 ቀጥሎም 54296,0 ደጋግመው ቢያስገቡ፣ በአሮጌው 6581 የድምፅ ቺፕ ላይ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ቀጭን «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ከተሰማ የድምፁ መስመር ሕይወት አለው።

ደረጃ 7፦ ካልሠራ

ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ በቅደም ተከተል ፓወር ሰፕላዩ፣ ፊውዟ፣ ፒኤልኤ፣ ከዚያም ሜሞሪው ናቸው። ስክሪኑ የተዘበራረቁ ፊደሎች ካሳየ ሜሞሪውን ይጠርጥሩ። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ አንድ ረድፍ ቁልፍ ወይም ጆይስቲኩ ካልሠራ፣ 6526 ከሚል ቁጥር ካላቸው ሁለት ቺፖች አንዱን ይመልከቱ፤ በደረቅ ወቅት የጆይስቲክ መሰኪያውን በጣት መንካት ብቻ ይገድለዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ ሶኬት ላይ ካሉ ማቀያየር ብቻ ይበቃል፤ ችግሩ ቦታ ከቀየረ ጥፋተኛው ተገኘ። ድምፅ ብቻ ከጠፋ 6581 ነው። በኋለኞቹ ማሽኖች ያለው 8580 የድምፅ ቺፕ ሌላ ቮልቴጅ ስለሚጠቀም አንዱን በሌላው ቦታ አይሰኩ። ውድ ስለሆነም ሐሰተኛው በገበያ ሞልቷል፤ ዛሬ በተሠሩ ምትኮች መተካት አያሳፍርም።

ለጨለማ ስክሪን የሚረዳ የመመርመሪያ ካርትሪጅ አለ። ሲሰካ ማሽኑ ሜሞሪውን ራሱ ይፈትሽና ስክሪኑን ያብለጨልጫል፤ የብልጭታው ብዛት ከስምንቱ የሜሞሪ ቺፖች የትኛው እንደተበላሸ ይጠቁማል። ካርትሪጅ ከሌለዎት፣ ማሽኑ ጠፍቶ እያለ፣ አንድ ጤነኛ 4164 የሚባል የሜሞሪ ቺፕ በተጠረጠረው ላይ እግር ለእግር ጭነው ያብሩ። ስክሪኑ ከተለወጠ ጥፋተኛው ሥር ያለው ነው።

ቺፕ ከቦርድ ለማውጣት ለጀማሪ አስተማማኙ መንገድ ቺፑን መሥዋዕት ማድረግ ነው። እግሮቹን በቀጭን መቁረጫ ከአካሉ ይቁረጡ፤ ከዚያ የቀሩትን እግሮች አንድ በአንድ በመበየጃ እያሞቁ በወረንጦ ያውጡ። ቺፑን ሙሉውን በኃይል ለመንቀል የሞከረ ሰው የቦርዱን ቀጭን የመዳብ መስመር አብሮ ይነቅላል፤ ያ ደግሞ ከቺፕ በላይ ይጎዳል። ቀዳዳዎቹን ስታኞ በሚመጥ የመዳብ ሽሩባ ያጽዱና ቺፑን በቀጥታ ሳይሆን ሶኬት ይበይዱ፤ ሁለተኛ ጊዜ መበየድ አይኖርም። መስኮት ከፍተው ይሥሩ፤ የድሮው ስታኞ እርሳስ አለበት፤ ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ።

አንድ ምክር ደጋግሜ እሰጣለሁ፦ «ካፓሲተሮቹን ሁሉ ቀይር» የሚልዎን አይስሙ። ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፤ በኮሞዶር 64 ላይ ፈሳሻቸው እምብዛም አይወጣም። የሚሠራ ማሽን ላይ በርካታ ቦታ መበየድ አዲስ ጥፋት መጋበዝ ነው።

ዲስኮቹና ካሴቶቹ

ማንኛውንም ዲስክ ከማስገባትዎ በፊት በሞላላው መስኮት ወደ ብርሃን አድርገው ይመልከቱት። ነጭ ወይም ግራጫ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው፤ የዲስክ ማንበቢያውን ጭንቅላት ያበላሻል፤ ከዚያ ጤነኛውም ዲስክ ይቧጨራል። የማንበቢያ ጭንቅላቱን በአልኮል በራሰ ጥጥ ያጽዱ። 1541 የሚባለው የዲስክ ማሽን በቀጥታ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚገባበት ትራንስፎርመር በውስጡ ስላለ ተሰክቶ እያለ አይክፈቱት።

በእጅ የተጻፈ ስም ያላቸው ዲስኮች ሲያገኙ ይጠንቀቁ። የገበያ ጌም ቅጂው በሌላ ቦታ አለ፤ የአንድ ልጅ የራሱ ፕሮግራም ወይም የአንድ አባት ደብዳቤ ግን ያለው እዚያች ዲስክ ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ በዩኤስቢ ማገናኛ ወደ ዘመናዊ ኮምፒውተር ይገልብጡት። የግል ጽሑፍ ከሆነ ለሻጩ ቤተሰብ ይመልሱት። ለየዕለቱ አገልግሎት ደግሞ የዲስክ ማሽንን የሚተካ፣ በትንሽ የሜሞሪ ካርድ የሚሠራ ዕቃ ገዝተው አሮጌዎቹን ዲስኮች ያሳርፏቸው።

ሌላ ማሽን ካገኙ

አካሄዱ ያው ነው፤ አደጋው ግን ይለያያል። የአፕል ቱ ኢ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ሪፋ የሚባል ገጹ የሚሰነጣጠቅ ካፓሲተር አለ፤ ሲሰካ በከባድ ጭስ ይፈነዳልና ሳይሰኩ ይቀይሩት። በድሮዎቹ ማኪንቶሾችና በአሚጋ 2000 ቦርድ ላይ ያለው ባትሪ ፈስሶ ቦርዱን ይበላል፤ የመጀመሪያ ሥራዎ ባትሪውን ማውጣት ይሁን። ከአሚጋው የፈሰሰውን አረንጓዴ በኮምጣጤ አርክሰው፣ ቀጥለው በአልኮል ይጥረጉ። ምስል ማሳያው አብሮ የተሠራበት ማሽን ወይም አሮጌ ሞኒተር ካገኙ ከኋላ አይክፈቱት፤ ከተነቀለም በኋላ የሚገድል ኤሌክትሪክ በውስጡ ይቆያል።

ወደ አዲስ አበባ ለሚወስዱት

የአሜሪካው ፓወር ሰፕላይ ለ110 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ከአገር ቤት 220 ቮልት ጋር አይገናኝ። ኮምፒውተሩ ራሱ ግን የሚፈልገው እዚያም እዚህም ያው 5 እና 9 ቮልት ነው፤ መሰኪያውም አንድ ነው። ስለዚህ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዝተው ይዘው ይሂዱ፤ ከባድ ትራንስፎርመር መሸከም አያስፈልግም። ምስሉ በአሜሪካው ሥርዓት እንደሆነ ስለሚቀር፣ ሁለቱንም የሚቀበል ቴሌቪዥን መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ማሽኑን በእጅ ሻንጣ ይያዙት። ቁልፎቹ ላይ ክብደት እንዳያርፍ በወፍራም ስፖንጅ ጠቅልለው በጎኑ ሳይሆን በሆዱ ያስተኙት። እዚያ ሲደርስ ከስታቢላይዘር ጋር ያገናኙት፤ መብራት በሄደ ጊዜ ማጥፊያውን ዘግተው፣ ተመልሶ ከተረጋጋ በኋላ ያብሩት።